አሥራ አራቱ ሠራተኞች

«ይጠብቁ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ላገናኝዎት» አለ አናጺው፣ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ።

ወዲያው ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈና ለሚስቱ በዓይኑ ምልክት ሰጣት። እሷም የያዘችውን ብርጭቆ ወረቀት አስቀምጣ መዶሻ አነሳችና ሥራ የሌለውን ጣውላ ትቀጠቅጥ ጀመር። በግራ እግሯ ደግሞ አሮጌ ቆርቆሮ ትረግጣለች። የማምረቻ ክፍሉ ድምፅ ይሄ ነበር። አናጺው እስከ ሃያ ቆጠረ፤ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ቶሎ አይገኝምና። ሃያ ሲሞላ አፍንጫውን ለቀቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ድምፁን ከሆዱ ሥር ጎትቶ አወጣው።

«ሥራ አስኪያጁ ነኝ። ይቅርታ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

በግቢው ውስጥ «ድርጅቱ» ነው የሚሉት። «እኔ» የምትለው ቃል በደህናው ጊዜ ከአፉ ከጠፋች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ የራሱን አናጺ ቤት ከከፈተ ወዲህ መሆኑ ነው። «ድርጅታችን ጉንፋን ይዞታል» ብሎ ሲያስነጥስ በጆሮው የሰማ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ድርጅታችንን ከኋላ በኩል አሳጥርልን» ብሏል የሚል ወሬም አለ፤ ይሄኛውን ማን እንዳወራው ግን አይታወቅም።

የዚህ ሁሉ ድርጅት ይዞታ አንዲት ክፍል ናት፣ አምስት እርምጃ በአራት። ረጅም ጣውላ የሚሰነጠቅ ከሆነ በሩ ይከፈትና የጣውላው ጭራ ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊ ቤት ይገባል። እሷም ምንም ሳትል የሰፋችውን ቀሚስ ታንጠለጥልበታለች። አንድ ጊዜ ጣውላው ተስቦ ሲመለስ ሦስት ቀሚስና አንዲት ደንበኛ አብሮ ጎትቶ መጣ ይባላል።

ስልክ የደወለችው የአንድ አዲስ ትምህርት ቤት የግዢ ኃላፊ ነበረች።

«የላካችሁልኝ ናሙና ወንበር ላይ ሰባት ቀን ሙሉ ተቀምጫለሁ» አለች። «አልተነቃነቀም፣ ልብሴንም አልያዘም። ሁለት መቶ እንፈልጋለን፤ ትምህርት ሳይጀመር፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ። ከመወሰኔ በፊት ግን ፋብሪካውን ማየት አለብኝ። አሥራ አራት ሠራተኛ አለን ብለውኝ አልነበር?»

«አሥራ አራት፣ አዎ» አለ ድርጅቱ። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። «የማታ ፈረቃው ሳይቆጠር።»

«ጥሩ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሚስቱ ቆርቆሮውን መርገጥ አቆመች።

«ስንት ሰዓት አለች?»

«ስምንት።»

«አሥራ አራቱ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?»

«አንቺ ደግሞ ቀልድ አይሰለችሽም።»

«እኔ ምን ቀለድኩ? እየቆጠርኩ እኮ ነው። አንተ አለህ፣ እኔ አለሁ። አሥራ ሁለት ጎደለ። የማታ ፈረቃውን ትቼልሃለሁ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከዚህ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ተቀጥሮ የሠራበት ትልቅ አናጺ ቤት ነበረ። የቀድሞ አሠሪው ባለፈው ሳምንት ሰው ልኮበት ነበር። «ቦታህ ባዶ ነው። እስከ ሳምንት ድረስ ከመጣህ ያንተ ነው፣ ካልመጣህ ለሌላ እሰጠዋለሁ» የሚል መልእክት ነው፤ ሳምንቱ ነገ ጠዋት ይሞላል። በክረምቱ የመጣ ሥራ የለም። ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ተነጋግረው ነበር፦ የትምህርት ቤቱ ሥራ ከተገኘ ይቀጥላሉ፤ ካልተገኘ ክፍሏ ለአከራዩ ትመለሳለች፣ እሱም ወደ አሠሪው ይሄዳል። ሚስቱ ያን ቀን «እሺ» ብቻ ነበር ያለችው። ከዚያ ለማንም ያልታዘዘ ወንበር አንስታ እስኪጨልም ድረስ ስታለሰልስ ዋለች።

አሥራ አንዱ ዓመት ክፉ ነበር ማለት አይደለም። አሠሪው አይሳደብም፤ መሳደብ አያስፈልገውም ነበር። ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ለመመለስ እንኳ የሦስት አለቃ ፊት ታይቶ ነው። የሠራው ወንበር በሩ ላይ ሲደርስ የሌላ ሰው ማኅተም ይመታበታል። አንድ ጊዜ የሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ የተቀመጠበትን ወንበር አወቀው፤ የገዛ እጁ ሥራ ነበር። ለጋባዡ ሊናገር አፉን ከፈተና ምን ብሎ እንደሚጀምር አጣ። የራሱን ቤት የከፈተው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

«ጎረቤቶቹን እለምናለሁ» አለ። «ለግማሽ ሰዓት ሠራተኛ ይሁኑልኝ። ሦስት ናቸው፣ ከኛ ጋር አምስት። የቀሩት ወንበር ሊተክሉ ወጥተዋል እላለሁ።»

«ወንበር ይተከላል እንዴ?»

«በትልቅ ድርጅት ይተከላል።»

መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ጋ ገባ። ከአፏ መርፌ አውጥታ ሰማችው።

«እትዬ፣ ለግማሽ ሰዓት ድርጅታችን ውስጥ ሠራተኛ ይሁኑልን። ለታይታ ነው።»

«ለጎረቤት ምን ችግር አለው? እመጣለሁ።»

ሬዲዮ ሠሪው ጭንቅላቱን ከተከፈተ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ሳያወጣ «እሺ» አለ። ቁልፍ ቀራጩ ሽማግሌ ብቻ ጥቂት አሰቡ።

«መዋሸት አለው?»

«ዝም ማለት ብቻ ነው ያለው፣ አባባ።»

«እሱንማ እችላለሁ። ስንት ዓመት ትዳር ነው ያለኝ መሰለህ?»

ድርጅቱ ተደስቶ ተመለሰ። ሰባት ተኩል ሲሆን ወለሉ ተጠርጓል፣ ፍቅፋቂው ተሰብስቧል፣ ሦስት መጋዝ፣ ሁለት መላጊያና አንድ መሮ ለሚመጡት ሠራተኞች በየቦታቸው ተደርድረዋል። ሚስቱ ይሄ ሁሉ ሲሆን ጥግ ይዛ የወንበር እግር ታለሰልሳለች።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሬዲዮ ሠሪው ገባ። ክራባት አስሯል። ደረት ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ ሰክቷል፤ ሦስቱ ክዳን ብቻ ናቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ድርጅቱ።

«የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ነኝ።»

«መጋዝ ያዝ እንጂ።»

«ኃላፊ መጋዝ ይይዛል?»

መልስ ሳይሰጥ ልብስ ሰፊዋ ደረሰች። አንድ ደንበኛ ያሰፋውን ጥቁር ኮት ደርባለች፤ እጅጌው እስከ ጣቶቿ ጫፍ ይደርሳል። «የሰው ኃይል አስተዳደር» አለችና እንዳትጨማደድ ተጠንቅቃ ቆመች። ከኋላዋ ቁልፍ ቀራጩ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ገቡ።

«እርስዎስ አባባ?»

«የቦርድ ሰብሳቢ።»

«የምን ቦርድ? ሠራተኛ ነበር እኮ የለመንኩት።»

ሽማግሌው መነጽሩን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱት።

«ስማኝ ልጄ። ሃያ ሰባት ዓመት ተቀጥሬ የሰው በር ጠብቄአለሁ። ስገባ ‹ለምን ዘገየህ›፣ ስወጣ ‹ምን ይዘሃል›። ከዚያ የወጣሁት በስንት ጣር ነው። ለጎረቤቴ የማላደርገው ነገር የለም። ደሜን በለኝ፣ እሰጥሃለሁ። ተቀጣሪነቱን ግን ለግማሽ ሰዓትም፣ ለታይታም ቢሆን አልመለስበትም።»

ልብስ ሰፊዋ ወለሉን እያየች «እኔም እንደዚያው ነው» አለች። ሬዲዮ ሠሪው እስክሪብቶዎቹን አስተካከለ። ድርጅቱ ሊቆጣ ፈልጎ ቁጣውን ከየት እንደሚያመጣው አጣ። እሱ ራሱ በነሱ ቦታ ቢሆን ምን ለብሶ ይመጣ እንደነበር ያውቀዋል።

ከጥጉ የሚስቱ ድምፅ መጣ። «ሁሉም ቃልቻ ከሆነ ስልቻውን ማን ሊሸከም ነው?»

የግዢ ኃላፊዋ በትክክል በስምንት ሰዓት በሩ ላይ ቆመች። አጭር ሴት ናት፤ ድምጿ በስልክ ከቁመቷ ይረዝም ነበር። ጫማዋ ዝቅ ያለ፣ ከብዙ መሄድ የተነሳ ጫፉ የተላጠ። ክብ ሠርተው የቆሙትን አንድ በአንድ ጨበጠች፣ እነሱም አንድ በአንድ ማዕረጋቸውን ነገሯት። የቦርድ ሰብሳቢው እጇን ትንሽ አቆዩት።

«ከኃላፊዎቹ ጋር ተዋውቄአለሁ» አለች ስትጨርስ። «ሠራተኞቹስ?»

ድርጅቱ «ሊተክሉ ወጥተዋል» ሊል አፉን ሲከፍት ሬዲዮ ሠሪው ቀደመው። «ምሳ ወጥተዋል።»

«ጥሩ። እስኪመለሱ እጠብቃለሁ» አለችና ካለቁት ወንበሮች አንዱን ስባ ተቀመጠች።

እንግዲህ ለሰው ልጅ ሥራ ፈትቶ ኃላፊ መስሎ እንደመቆም ያለ አድካሚ ነገር የለም። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሬዲዮ ሠሪው ግድግዳውን መረመረ። ልብስ ሰፊዋ ላብ ኮቱን እንዳይነካው እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ቆመች። ሩብ ሰዓት ላይ ከውጭ አንድ ሰው ተጣራ፦ «ሬዲዮ ሠሪ፣ ኧረ ዜናው ሊጀምር ነው።» የቴክኒክ ክፍል ኃላፊው እንዳልሰማ ሆነ። ሰውየው ሁለተኛ ተጣራ። ሦስተኛ ሲጣራ ኃላፊው «አንድ የቴክኒክ ችግር ተፈጥሯል» አለና በጎን ወጣ።

ቀጥሎ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። «አባባ፣ ልጄ ከውስጥ ቆልፎ ተኝቷል፣ ቢጠሩት አይሰማ» አለች። የቦርድ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፣ የቁልፍ መክፈቻ ሽቦአቸውን ከሌላው ኪስ አወጡ፣ «ስብሰባው ለሌላ ቀን ይተላለፍ» አሉና ከሴትየዋ ቀድመው ሮጡ።

የሰው ኃይል አስተዳደር ብቻ ቀረች። እሷም ብዙ አልቆየችም። አንድ ወፍራም ሰው በሩ ላይ ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ቤትሽ ባጣሁሽ ጊዜ ነው የመጣሁት፤ ኮቴ ደረሰ?» አላት፤ ቀጥሎ ኮቱን አየ።

«ይሄ የኔን ይመስላል።»

«ያንተው ነው። ልኩን እየሞከርኩልህ ነው።»

«በራስሽ ላይ?»

«ሰውነትህን የሚመስል ሰው ከየት ላምጣ? ና እንሂድ።»

ግቢው ውስጥ ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል ይሰማ ነበር። አናጺ ቤቱ ውስጥ ድርጅቱ፣ የግዢ ኃላፊዋና የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ ቀሩ።

የመጀመሪያው ውሸት ከየት እንደመጣ ድርጅቱ ያስታውሳል። በከፈተ በወሩ አንድ ደንበኛ «ስንት ናችሁ?» ሲለው «አንድ ነኝ» አለ። ሰውየው በትህትና «እንግዲህ ስታድግ ደውልልኝ» ብሎት ሄደ። እሱም አደገ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሆነ፣ በመንፈቁ ሰባት፣ በዓመቱ አንድ ሰው ሳይቀጥር አሥራ አራት ደረሰ። እንዲህ ያለ ዕድገት የትም አልታየም። አሥራ አራቱን በልቡ ደህና አድርጎ ያውቃቸዋል፦ ሥራ አስኪያጅ፣ ጸሐፊ፣ ሁለት መጋዝ ላይ፣ አንድ የሚሰክር ግን እጁ ወርቅ የሆነ፣ ሌላ ሁልጊዜ የሚያረፍድ። ለአንዱ አንድ ጊዜ የሐዘን ፈቃድ ሰጥቶታል።

የግዢ ኃላፊዋ ተነሳችና የተቀመጠችበትን ወንበር ገለበጠችው። እጇን ከመቀመጫው ሥር አስገብታ ከዳር እስከ ዳር አሸች። ሰው የማያየው ቦታ ነው፤ አብዛኛው አናጺ እንዳለ ይተወዋል።

«እዚህ ሥሩን የሚያለሰልሰው ማን ነው?»

ድርጅቱ ወደ ጥጉ ተመለከተ።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ ቀና ሳትል። «ልጆች ሲቀመጡ እግራቸውን ከሥር ያሻሹበታል። ስንጥር ይወጋቸዋል።»

«እርስዎ የየትኛው ክፍል ኃላፊ ነዎት?»

«እኔ የሚሠራው ክፍል ነኝ።»

የግዢ ኃላፊዋ ሳቀች፤ ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ድርጅቱ ግን አልሳቀም። በልቡ አሥራ አራቱን እንደገና ይቆጥራል። ጸሐፊዋ አለች፣ ሰካራሙ አለ፣ አርፋጁ አለ። ሚስቱን ስንተኛው ላይ እንዳስቀመጣት ፈለገ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። የለችም።

የግዢ ኃላፊዋ ከቦርሳዋ አንድ ቅጽና እስክሪብቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

«ይሄን ይሙሉልኝ። የሠራተኛ ብዛት፣ በስድስት ሳምንት የሚያስረክቡት ብዛት፣ ፊርማ። የሚጽፉትን እቀበላለሁ፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ የሰው ምሳ ሰዓት አልጠብቅም። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። በፊት በሠራሁበት ትምህርት ቤት ሃምሳ ሠራተኛ አለኝ ያለ ሰው ነበር። የጻፈውን አመንኩት። ልጆቹ እስከ ግማሽ ዓመት መሬት ላይ ተቀምጠው ተማሩ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር የምጠብቀው።»

ድርጅቱ እስክሪብቶውን አነሳ። እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ «አሥራ» የሚለውን ጻፈና ቆመ። ሰርዞ ከጎኑ «ሁለት» አለ። ሴትየዋ ሁለቱንም ቃል አየች።

ቀጣዩ መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እስከ ዛሬ ደንበኛ ስንት ፈለገ ሲባል ያንኑ ነበር የሚለው። እውነተኛውን ቁጥር ጠይቆ አያውቅም።

«በቀን ስንት ነው የምንጨርሰው?» አላት ሚስቱን።

«አንተ አታውቅም?»

«እኔ አላውቅም።»

ሚስቱ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠች። «ኮላው ቶሎ ከደረቀ ሦስት። ዝናብ ከሆነ ሁለትም ይከብዳል።»

«እንግዲያው አንቺ ጻፊው።»

እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች። ስድስቱን ሳምንት በጣቷ ቆጠረች፣ የዕረፍቱን ቀናት አወጣች፣ ዝናቡን አሰበች፣ አንድ ቀን ደግሞ «ለመታመም» ብላ አስቀረች። «ሰባ» ብላ ጻፈች። ድርጅቱ መቶ ሠላሳ ወንበር በገዛ እግሩ ተሰልፎ ከበሩ ሲወጣ አየ። ቁጥሩን ግን አልነካውም።

«ሰባ» አለች የግዢ ኃላፊዋ። «የቀረውን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለብኝ ማለት ነው። ለሁለት ቦታ መክፈል ደግሞ አለቆቼ አይወዱም። ሁለት መቶውን በአንድ ጊዜ እንሠራለን የሚልም ሌላ ሰው አለ። ቃል አልገባላችሁም። መልሱን ነገ ከሰዓት በኋላ እናገራለሁ።»

«ነገ ከሰዓት» አለች ሚስቱ። ወደ ባሏ ዞረች። «ሰውየው ግን የሚጠብቅህ እስከ ጠዋት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«መልሱ ሳይመጣ ቦታው ይሄዳል።»

«ይሂድ» አለ። «ነገ ጠዋት የምንሠራው ወንበር አለን።» ከዚያ ወደ ቅጹ ጎንበስ ብሎ የፊርማውን ቦታ አየና የግዢ ኃላፊዋን ጠየቃት። «ሁለት ሰው መፈረም ይችላል?»

«መከልከሉንስ የከለከለ የለም። ቦታው ግን ጠባብ ነው።»

የድርጅቱ ፊርማ በግቢው የታወቀ ነው፤ ከመስመሩ ተነስቶ፣ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ፣ የገጹን ግማሽ ወስዶ ነው የሚያልቀው። ያን ቀን ጥጉን ይዞ፣ አንድ ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ ስሙን ብቻ አስቀመጠና እስክሪብቶውን ለሚስቱ አቀበላት።